ሰው አልባ ጀልባ ላይ ሽቦ አልባ ሴንሰር ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ይህን የጻፍኩት ደብረ ብርሃን ላይ ሰው አልባ ጀልባ ለሚሠሩና የተበላሸ ሴንሰር ይዘው የጥገና ጠረጴዛዬን ለሚያጨናንቁ የምህንድስና ተማሪዎች ነው። ባትሪው ተሞልቷል ወይ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ አልተገለበጠም ወይ፣ ፕሮግራሙ ተጭኗል ወይ የሚለውን አልነካውም፤ እሱን ያላየ ሰው አይቶ ይምጣ። ተመላልሰው ከሚመጡት ብልሽቶች ሁሉ የሚበዛው ሴንሰሩ የታሸገበት ሳጥን ውስጥ የተገኘ ውሃ ነው። እሱ ላይ ስደርስ ጊዜ ወስጄ እጽፋለሁ፤ አስቀድሜ ፈጠን ፈጠን ብዬ የማልፋቸው አሉ።

ምልክት፦ ጀልባው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጥልቀት መለኪያው «ከዜሮ በታች 3 ሜትር» ይላል

ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፤ ለሻጩ አትመልሱት። መሣሪያው የሚለካው ግፊትን ነው፤ ጥልቀቱን የሚያሰላው ኮዱ ነው። ከኢንተርኔት የምታወርዱት ኮድ ደግሞ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ለሚሠራ ሰው ነው፤ ከተለካው ግፊት ላይ 1013 ሚሊባር ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ የሚጫነው በ720 ሚሊባር አካባቢ ብቻ ነው። የጎደለው 290 ሚሊባር በውሃ ከፍታ ሲመነዘር ሦስት ሜትር ያህል ይመጣል። መፍትሔው ጀልባው ውሃ ከመንካቱ በፊት የዕለቱን የአየር ግፊት ሴንሰሩ ራሱ እንዲለካ አድርጎ ያንን ዜሮ ማድረግ ነው። እግረ መንገዳችሁንም የውሃውን እፍጋት ተመልከቱ፤ ኮዱ ውስጥ 1029 ከተባለ የባሕር ውሃ ነው፣ የእኛ ኩሬ 1000 ገደማ ነው።

አንድ ቡድን ምክንያቱን ሳይጠይቅ ኮዱ ላይ 3 ሜትር ደመረና «ተስተካከለ» አለ። ጀልባውን ይዞ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፣ አፈር ላይ የቆመው ጀልባ አንድ ሜትር ተኩል ጠልቄያለሁ ብሎ ሪፖርት አደረገ። የአየሩ ግፊት እዚያ ሌላ ነዋ!

ውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን መለኪያም የዚሁ ዘመድ ነው፤ የከፍታ ማስተካከያ ካልገባለት አየር ላይ ተይዞ እንኳ ከ70 በመቶ ብዙም አይርቅም። በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካው ሴንሰር ግን ከፍታ አይመለከተውም፤ እሱን የሚያሳስተው ሙቀት ነው። ድምፅ በ5 ዲግሪ ጧት በሰከንድ 334 ሜትር፣ በ30 ዲግሪ ቀትር 349 ሜትር ይጓዛል። ሁሉን ነገር «ከፍታው ነው» ማለት ልማድ እየሆነ ስለመጣ ነው ይህን የምጽፈው።

ምልክት፦ ሴንሰሩ መልእክት ሊልክ ሲል ይጠፋል፣ ተመልሶ ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል

ኢኤስፒ 32፣ ሴንሰሩን የሚያዘውና ሬዲዮ ያለው ቺፕ፣ ሬዲዮውን በከፈተበት ቅጽበት እስከ 500 ሚሊአምፔር ሊስብ ይችላል። ሽቦው ቀጭን ወይም ማያያዣው ልል ከሆነ ቮልቴጁ ይወድቅና ቺፑ ራሱን ያጠፋል። በመልቲሜትር አታዩትም፤ መልቲሜትሩ ሳይደርስበት ያልፋል። ከሰሌዳው የኃይል መግቢያ እግር አጠገብ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በየዱት፤ አብዛኛው ጊዜ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ሴንሰሩ ከጀልባው ሞተር ጋር አንድ የኃይል መስመር እየተጋራ ነው ማለት ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ይዞት ይወርዳል። የራሱን የቮልቴጅ ማስተካከያ ስጡት።

ከዚያ በኋላም የሚጠፋ ከሆነ ባትሪውን አውጥታችሁ የተለጠፈበትን ጽሑፍ አንብቡ። 18650 በሚባለው ሲሊንደር ባትሪ ላይ «9900 ሚሊአምፔር ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈ የተጻፈው ውሸት ነው። በዚህ መጠን የሚሠሩ ደህና ባትሪዎች 3500 አካባቢ ላይ ይቆማሉ። ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ደህናው 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ውሸታሙ ሲያዝ እንኳ ቅልል ይላል። ርካሽ ነው ብሎ አሥር የሚገዛ ሰው ሁለት ደህና ባትሪ በገዛበት ገንዘብ አሥር ቆርቆሮ ተሸክሞ ይሄዳል። ደግሞም ውስጡን ለማየት ብላችሁ በቢላ እንዳትከፍቱት፤ ይነዳል።

ከጥቅምት ጀምሮ ውርጩ ሲገባ ሌላ ነገር ይጨመራል። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም፤ ውስጡ በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል። ሌሊቱን ውጭ ያደረ ጀልባ ጧት የፀሐይ ሰሌዳው ብርሃን እንዳገኘ መሙላት ከጀመረ የሚሆነው ይኸው ነው። ባትሪውን ቤት አስገብታችሁ አሳድሩ፣ ወይም ኮዱ ሙቀቱን አይቶ መሙላቱን እንዲያዘገይ አድርጉ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ልብስ ቀድደው ባትሪውን የጠቀለሉ ልጆች አይቻለሁ፤ አልስቅባቸውም፣ ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል።

ምልክት፦ ለሰዓታት ደህና ሲሠራ የነበረው ሴንሰር የማይመስል ቁጥር መላክ ይጀምራል ወይም ዝም ይላል፤ ሲከፈት ውሃ አለበት

እዚህ ላይ እንቀመጥ።

ተማሪው ሳጥኑን ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያው ቃሉ «ሲልከን ጨምሬበት ነበር» ነው። በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ ሳጥን ይዞ ይመጣል፤ ሲልከኑ ግን ወፍሯል። የኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ ሌላ ነው፤ ያገኘኸው ውሃ ስንት ነው?

ሁለት ሊትር የሚይዝ ሳጥን ውስጥ ያለ አየር የቱንም ያህል እርጥብ ቢሆን በ25 ዲግሪ የሚሸከመው ውሃ ከአንድ ጠብታ አይበልጥም። ስለዚህ ክዳኑ ከውስጥ ደብዝዞ ካገኛችሁት፣ ሰሌዳው ላይም ቅንጣት ቅንጣት ካለ፣ ያ ጤዛ ነው። ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ የታሸገው አየር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲቀመጥ ያላበው ነው። ፀሐያማና ደረቅ ቀን ላይ ማሸግ፣ አዲስ ወይም በምድጃ የደረቀ የሲሊካ ጄል ከረጢት ማስገባት፣ ሰሌዳውንም የሰሌዳ ቫርኒሽ መቀባት ይበቃዋል። ከጫማ ካርቶን የወጣውንና መሳቢያ ውስጥ ዓመት የከረመውን ከረጢት ግን አታስገቡ፤ ጠጥቶ ጠግቧል።

የተገኘው ውሃ ማንኪያ የሚሞላ ከሆነ ግን ጤዛ አይደለም። ከውጭ ገብቷል፤ ሳጥኑ ራሱ ስቦ አስገብቶታል። ሲልከን የሚጨምሩት ልጆች የማይዋጥላቸው ይህ ነው። ውሃው ገፍቶ የገባ ይመስላቸዋል። የታሸገ ሳጥን ውስጡ አየር እስካለ ድረስ ይተነፍሳል፤ ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይስባል። ፀሐይ ላይ ቆሞ 45 ዲግሪ የደረሰ ሳጥን 15 ዲግሪ ውሃ ላይ ሲያርፍ የውስጡ ግፊት በአንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። በእኛ ከፍታ ይህ 70 ሳንቲሜትር የውሃ ዓምድ እንደመሳብ ነው። ሳጥኑ ውሃው ገጽ ላይ እየተንሳፈፈ ከጥልቅ እንደገባ ይሆናል።

የሰሜን ሸዋን መንገድ ስትጨምሩበት ነገሩ ይከፋል። ደብረ ብርሃን ላይ ታሽጎ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሳጥን ከ2800 ሜትር ወደ 1300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ውስጡ የተያዘው የደጋ አየር 72 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 720 ሚሊባር ነው፤ ውጭው 87 ይጠጋል። ልዩነቱ የአንድ ሜትር ተኩል ውሃ ግፊት ነው። 20 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ክዳን ላይ ወደ 45 ኪሎ ይጫናል፤ ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ያላመነ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጠጥቶ የጨረሰውን ሃይላንድ ከድኖ ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ይየው፤ ጠርሙሱ ጎኑ ገብቶ ያገኘዋል።

አንድ ቡድን ሁሉን ነገር ማታውኑ ደብረ ብርሃን ላይ አሽጎ፣ በማግስቱ ቆላ ወርዶ፣ ጀልባውን የመስኖ ኩሬ ላይ አስቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሙቀት መለኪያው አበደ። ልጆቹ አውጥተው ክዳኑን ሊከፍቱ ቢታገሉ እምቢ አለ፤ ብሎኖቹ ሁሉ ወጥተውም ክዳኑ አልተነሳም። አንዱ በጠፍጣፋ መፍቻ ጠርዙን ሲፈለቅቀው «ፍሽሽ» የሚል ድምፅ ሰጥቶ ተከፈተ፤ ከታች ውሃ ተኝቷል። «ክዳኑ እንዲህ ጠብቆ እንዴት ውሃ ገባ?» አሉኝ። መልሱ ጥያቄው ውስጥ ነው። ክዳኑን የውጭው አየር ራሱ ጎማው ላይ ስለሚጫነው በዚያ በኩል ምንም አይገባም፤ ሳጥኑ መሳብ የሚችለው በቀረው ደካማ ቦታ ነው፣ እሱም ኬብሉ የሚገባበት ቀዳዳ ነው።

ስለዚህ ኬብሉን እንመልከት። ኬብል የሚያጠብቀው ብሎን፣ ግላንድ የምትሉት፣ ለተወሰነ ውፍረት የተሠራና ክብ ኬብል ብቻ የሚይዝ ነው። ጠፍጣፋ ኬብል አያሽግም። በአንድ ግላንድ ሁለት ኬብል የሚያስገባ ሰው ቀዳዳውን ክፍት ቢተወው ያው ነው፤ በሁለቱ መካከል የምትቀረው ጎድጓዳ በምንም ጎማ አትሞላም። ቀዳዳውን በጋለ ምስማር የሚበሳ ተማሪም አለ፤ ዙሪያው ተንጋዶ ይቀርና ጎማው የሚያርፍበት አይኖረውም። «ሳጥኑ እኮ አይፒ 67 ነው» ይለኛል። ያ ቁጥር የሚናገረው ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ሳይበሳ፣ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለሠላሳ ደቂቃ ስለተቀመጠ ሳጥን ነው። ከበሳችሁት በኋላ ቁጥሩ የእናንተ አይደለም።

ግላንዱ ደህና ሆኖም ውሃ የሚገባበት መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። ባለ ብዙ ሽቦ ኬብል ውስጡ ድፍን አይደለም። በሽቦዎቹ መካከልና በየሽቦው ክሮች መካከል አየር ይሄዳል። የአንድ ጀልባ ሳጥን ደጋግሞ ውሃ ይዞ ሲመጣ ግላንዶቹ ሁሉ ከውስጥ ደረቅ ነበሩ፤ ጠብታው የሚታየው የኬብሉ ልባስ በተገፈፈበት ጫፍ ብቻ ነው። ኬብሉን በጣት እየዳሰስን ወደ ጫፉ ስንሄድ፣ ከጀልባው ሆድ በታች ፕሮፔለሩ የነካው ቦታ ጥፍር የማታክል ስንጥቅ ተገኘች። ከዚያች ስንጥቅ እስከ ሳጥኑ ድረስ ኬብሉ ራሱ የውሃ ቱቦ ሆኗል።

መፍትሔው ኬብሉን ከውስጥ መድፈን ነው። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ የውጭ ልባሱን ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ግፈፉ። የየሽቦውን ልባስም ጥቂት ሚሊሜትር ገፍፋችሁ ክሮቹን ሶልደር አጠጧቸው። ሽቦዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ አለያይታችሁ ሙሉውን በኢፖክሲ ድፈኑት። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ኢፖክሲ ተዉት፣ ውሃ ላይ ሲቆይ ይለሰልሳል፤ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ተጠቀሙ። ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ ጊዜ ኢፖክሲ ከተጻፈለት ሰዓት በላይ ስለሚፈልግ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አሳድሩት። ጧት ሲነካ የሚጣበቅ ከሆነ ገና ነው።

ስለ ሲልከኑም ልናገር፤ ብዙ ሰሌዳ የገደለው እሱ ነውና። ሲቀባ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው፣ ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሲልከን፣ ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ያወጣል። ያ አሲድ ከሰሌዳችሁ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ታሽጎ ይቀራል። ውሃ አንድ ጠብታ ሳይገባበት የሞተ ሴንሰር ከፍቼ መዳቡን አረንጓዴ ሆኖ፣ የሽቦውን ሥር ደግሞ ተበልቶ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ሽታ የሌለውን ሲልከን ፈልጋችሁ ግዙ። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካላችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ። ወፍራም አድርጎ መለጠፍም አይጠቅምም፤ ሲልከን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ስቦ ስለሆነ በቀን ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ነው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው። አውራ ጣት የሚያህል ጉብታ ማታ ለጥፎ ጧት ውሃ ላይ የሚወጣ ሰው ውስጡ ጥሬ የሆነ ነገር ይዞ ነው የሚወጣው።

ሳጥኑን ውሃ ላይ ሳትወስዱ መፈተኛ አለ። አሮጌ የእጅ የደም ግፊት መለኪያ ፈልጉ፤ ጎማ መንፊያውና ሰዓቱ ደህና ከሆኑ ይበቃል። ሳጥኑ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ አያይዛችሁ መርፌው 110 እስኪደርስ ንፉ። ያ ቁጥር በሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ካለው ልዩነት ጋር እኩል ይሆናል። መርፌው ለአሥር ደቂቃ ሳይወርድ ከቆየ ሳጥኑ ደህና ነው። ከወረደ የሳሙና አረፋ ቀቡትና አረፋው የሚነሳበትን ቦታ እዩ። ልብ በሉ፣ መንፋት ክዳኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ መንገዱ ግን ወደ ውስጥ ነው የሚጫነው፤ ስለዚህ በክዳኑ ጠርዝ ትንሽ አረፋ ቢታይ አትደንግጡ። ኬብሉ ሥር ከታየ ግን ያ ሳጥን ውሃ ላይ አይወጣም። ከ110 በላይ አትንፉ፤ ርካሽ የፕላስቲክ ሳጥን ሲፈነዳ ዓይን ያወጣል። ይህን ስታደርጉ መነጽር አድርጉ። መነጽር አድርጉ እያልኩ የማያደርግ ሰው አላጣም።

ከዚያ ወዲያ ያለው የአሠራር ልማድ ነው። ሳጥኑ ላይ አንዲት ብሎን ያላት የአየር ቀዳዳ ይኑር። መንገድ ላይ ክፍት ሆና ትሂድ፤ ኩሬው ዳር ጥላ ሥር ሳጥኑ ሲቀዘቅዝ ትዘጋ። ስትመለሱም መጀመሪያ እሷን ክፈቱ፣ ክዳኑ ጋር አትታገሉ። አየር አሳልፎ ውሃ የሚከለክል ስስ ወንፊት የተገጠመለት ብሎን ካገኛችሁ ከሁሉ ይሻላል፤ ከውሃው ገጽ በላይ፣ ጎን ላይ ግጠሙት። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ለሚቀመጥ ሴንሰር ግን ወንፊትም አያዋጣም። እሱን ሙሉ በሙሉ ኢፖክሲ ውስጥ ድፈኑት፤ አየር የሌለው ነገር አይተነፍስም።

ምልክት፦ የብስ ላይ ኪሎ ሜትር የሚሄደው ሬዲዮ ውሃ ላይ 200 ሜትር ሳይሞላ ይጠፋል

መጀመሪያ አንቴናውን ፈታችሁ ማያያዣውን እዩ። ሁለት ዓይነት ማያያዣ አለ፤ ጥርሳቸው ይገጣጠማል፣ መሃላቸው ግን አይገጣጠምም። አንቴናው መሃል መርፌ ከሌለና ሰሌዳው ላይ ያለውም ቀዳዳ ብቻ ከሆነ፣ ጠብቆ የታሰረ የሚመስለው አንቴና ከምንም ጋር አልተገናኘም። ቀጥሎ ርዝመቱን ለኩ። ለ433 ሜጋኸርዝ ቀጥ ያለ የሩብ ሞገድ ዘንግ 17.3 ሳንቲሜትር ነው፤ ለ868 ደግሞ 8.6። የሻጮች ሳጥን ውስጥ ሁለቱ ተደባልቀው ይሸጣሉ። አንቴና ሳይገጠም ሬዲዮውን አታስነሱ፤ ማስተላለፊያው ሊቃጠል ይችላል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የአንቴናው ከፍታ ማነስ ነው። ጀልባው በዓይን ስለታየ ብቻ ሬዲዮው ይደርሳል ማለት አይደለም። በ433 ሜጋኸርዝ 500 ሜትር ለመሄድ፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ ሞገዱ ዙሪያውን 9 ሜትር ያህል ነጻ ቦታ ይፈልጋል። ከውሃው 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ አንቴና ግማሹን ሞገድ ውሃው ላይ ይደፋዋል፤ ከውሃው ተንጸባርቆ የሚመጣውም ቀጥታ የሚሄደውን ያጠፋዋል። የአንዱን አንቴና ከፍታ እጥፍ ማድረግ ኃይሉን አራት እጥፍ እንደማሳደግ ነው። ጀልባው ላይ ረጅም ምሰሶ መትከል ያገለብጠዋል፤ መቀበያውን ግን የፈለጋችሁበት መስቀል ትችላላችሁ። ይህ ሰሜን ሸዋ ነው፣ ጉብታ ጠፍቶ አያውቅም። ኩሬው ዳር ቁጭ ብሎ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ «ሲግናል የለም» ከማለት ኮረብታውን መውጣት ይቀላል።

ሎራ የሚባለውን ረጅም ርቀት የሚሄድ ሬዲዮ የምትጠቀሙ ደግሞ የስርጭት መጠኑን (ስፕሬዲንግ ፋክተር የሚባለውን) 12 ላይ አድርጋችሁ በየሰከንዱ መልእክት አትላኩ። አንዱ መልእክት ብቻውን ከአንድ ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ ሁለተኛው ጀልባ መናገሪያ አያገኝም።

እምብዛም የማይገጥሙ

የዲኤስ 18 ቢ 20 ሙቀት መለኪያ ከዜሮ በታች 127 ካለ ሽቦው ተቆርጧል፤ 85 ላይ ከቆመ መለካት ሳይጀምር ተነቧል ወይም ኃይሉ ተቋርጧል። 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተሩ መኖሩን እዩ።

ኮምፓሱ ሞተሩ ሲነሳ ብቻ የሚዞር ከሆነ ከሞተሩ ኬብል አርቁት፤ በኮድ አይስተካከልም።

ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ዋይ ፋይ አይሠራም። አንቴናውን ከውሃ አውጡት።

የአሲድነት መለኪያውና የጨውነት መለኪያው ለየብቻ ልክ ሆነው አንድ ባልዲ ውስጥ ሲገቡ የሚያብዱ ከሆነ፣ ውሃው ራሱ አገናኝቷቸዋል፤ አንዱን በተነጠለ የኃይል ምንጭ አሠሩት። የአሲድነት መለኪያውን ጫፍ በተጣራ ውሃ ውስጥ አታስቀምጡ፤ በ3 ሞላር የፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጥ። ክረምቱን ሙሉ ደርቆ የከረመውን እዚያው ፈሳሽ ውስጥ አንድ ሌሊት ነክሩት፤ ጧት ካልተመለሰ ሌላ ግዙ።